የእኔ አይደለም ያልሁት ጽሑፍ

ዓርብ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ይህን ደብተር የከፈትሁትና ብዕር ያነሣሁት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ትናንት በፍርድ ቤት የሰጠሁት ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እንዳይጣመም፣ በተናገርሁ ማግሥት፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት በገዛ እጄ ለመመዝገብ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው የራሱን ቃል በትክክል መጻፍ አያቅተውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጄ ደጉ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ልጅ አልነበረውም። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ተናዞበታል የተባለ አንድ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ግን አለ። በወረቀቱ መሠረት ጥርባ አጠገብ ያለው ማሳውና ቤቱ እርሱንና ባለቤቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው ላስታመመችው ለወይዘሮ ስሜነሽ ይሰጣል። የወንድሙ ልጅ ምንይችል «ወረቀቱ የሐሰት ነው፤ ወራሹ እኔ ነኝ» ብሎ ተከራከረ። በወረቀቱ ግርጌ «ጸሐፊ» ተብሎ የሰፈረው ስም የእኔ ነው። ከአራቱ እማኞች ሦስቱ ሞተዋል። የቀረው አዝመራው ዐይኑ ጠፍቷል፤ በቦታው እንደነበረ ይመሰክራል እንጂ ወረቀቱን ለይቶ «ይህ ነው» ሊል አይችልም። ስለዚህ ስሜነሽ እኔን በምስክርነት አስጠራችኝ።

ዳኛዋ ወረቀቱን አሳዩኝና «መምህር ይኸነው፣ ይህ ጽሑፍ የእርስዎ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ልመልከተው» ብዬ መነጽሬን አደረግሁ።

በዚህ ጊዜ የምንይችል ጠበቃ ተነሣ። «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ጸሐፊው እዚሁ ካሉ ምን ያከራክረናል? ሁለት መስመር በፊታችን ይጻፉና ይመሳከር» አለ። ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ። እኔም ጽሑፉን ደግሜ አስተውዬ፣ «መጻፍ አያስፈልግም፤ ጽሑፉ የእኔ አይደለም» አልሁ።

ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ የተናገርሁት ቃል የለም። መዝገቡ ለታኅሣሥ 20 ቀን ለውሳኔ ተቀጠረ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። ሰው የጻፈውን ሁሉ ማስታወስ አለበት የሚል ሕግ አላውቅም። ለነገሩ የመጥሪያው ወረቀት ራሱ ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ዐረፍተ ነገር ነበረበት፤ ኮምፒውተር ጻፈው እንጂ ሰው አላነበበውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ጠረጴዛው ይነቃነቃል። አንዱን እግሩን በካርቶን አስደገፍሁት። የዚህ ወር ብርድም ለጽሕፈት አይመችም።

ባለቤቴ ውዴ ሻይ ስትቀዳልኝ ብርጭቆውን ከግማሽ አታሳልፍም። «ለምን አትሞዪውም?» አልኋት።

«ቢጎድል ይሻላል፣ ቢፈስ?»

ግማሹን ብርጭቆ በሁለት እጄ ይዤ ጠጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ማለዳ መጻፍ እመርጣለሁ። እጅ በማለዳ ያረፈ ነው። ብርሃኑም ጥሩ ነው ማለቴ ነው።

ሕሊናዬን ለመፈተሽ ያህል የዚያን የኑዛዜ ቀን ነገር ለማስታወስ ሞከርሁ። በእርግጥ ለደጉ አንድ ወረቀት ጽፌለት ነበር፤ እርሱን አልክድም። ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርሳችን ለመደማመጥ እንጮኽ ነበር። ደጉ ከአልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ግማሹን በአዊኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይነግረኛል፤ እኔ አቃንቼ እጽፋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብዕሬን በእጁ ያዘና «ይኸነው፣ አታሳምረው። እኔ እንዳልሁት ጻፈው» አለኝ። ተቀይሜ ነበር። «ያስታመመችኝ፣ ያጠበችኝ፣ ያጎረሰችኝ ስሜነሽ ናት» የሚለውን ቃል ሳላሳምር እንዳለ ጻፍሁት። ስጨርስ እንደ ልማዴ ከመጨረሻው ቃል በኋላ የቀረውን ባዶ ቦታ፣ ማንም እንዳይጨምርበት፣ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ በሰረዝ ዘጋሁት። ከዚያም አራቱ እማኞች በተራ ፈረሙ፤ ሦስቱ በጣት፣ አዝመራው በፊደል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኩራዝ የያዘልኝ ሰው ነበር፤ ማን እንደነበረ አላስታውስም።

በፍርድ ቤት ያየሁት ወረቀት ላይም ያ ሰረዝ አለ። ሰረዝ ግን ማንም ሰው ያሰምራል።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የዕድራችን ስብሰባ ነበር። ላለፉት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት የዕድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ዛሬ ቤዛዊት፣ በአንድ ወቅት ተማሪዬ የነበረችውና አሁን ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ እጇን አወጣች።

«ጋሼ መምህር ካልተቀየሙኝ፣ መዝገቡን በኮምፒውተር ብንይዘው? እኔ በነፃ እጽፈዋለሁ።»

ተነሥቼ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ሰጠሁ። በመኪና የተጻፈ ጽሑፍ የማንም ነው፤ አንዱ ሰው ከሌላው አይለይበትም። በእጅ የተጻፈ ግን ጸሐፊው ባይፈርምበትም እንኳ ራሱ ፊርማ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ድምፁም መልኩም ይጠፋል፤ እጁ ግን በወረቀት ላይ ይቀራል። ይህንና ይህን የመሰለ ተናገርሁ። ሰዉ አዳምጦኛል።

ሊቀ መንበሩ ባምላክ አንገቱን አከከ። «እሱስ እውነት ነው መምህር። ብቻ የነሐሴን፣ የመስከረምንና የጥቅምትን ቃለ ጉባኤ መች ነው የሚያነቡልን?»

«ወደ መዝገብ እየተገለበጠ ነው» አልሁ።

ከኋላ አንዱ «መምህር ገልብጠው እስኪጨርሱማ የቀበርነው ሰው ተነሥቶ ይመጣል!» አለ። ሳቁ ለመርገብ ጊዜ ወሰደ።

እየተገለበጠ አይደለም።

ስንበተን ቤዛዊት ከበሩ ላይ ጠበቀችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ እርስዎ እየነገሩኝ እኔ ልጻፈው። ማንም አያውቅም» አለች።

«ምኑን ነው ማንም የማያውቀው?» አልኋት። ሰው እስኪዞር ድረስ ጮኼ ነበር። ልጅቱ ደነገጠች። ተማሪዬ ሳለች እንኳ እንዲያ ጮኼባት አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ገጽ ቀደድሁ። የዛሬ ዘመን ወረቀት ጥራት የለውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከሚካኤል ንግሥ በሚኒባስ ስመለስ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አላወቁኝም።

«አስተማሪ ነበሩ አሉ እኮ ሰውዬው።»

«አስተማሪ ሆነው ነው የሸጧት?»

«ምን አብልቷቸው ይሆን?»

«ኧረ ተይ፣ የዛሬ ሽማግሌ መች ብዙ ይበላል ብለሽ! አንድ ብርሌ ይበቃዋል።»

ነጠላዬን እስከ ዐይኔ ስቤ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከማንም ምንም አልተቀበልሁም። በሕይወቴ መማለጃ ቀምሼ አላውቅም። ወዲያው ዞሬ «ስሙ፣ እኔ ነኝ ሰውዬው፤ ሐሰት ነው» ልላቸው ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ግን «ታዲያ ለምን ካዱ?» ብለው እንደሚጠይቁኝ ታሰበኝ።

ከመውረጃዬ አንድ ፌርማታ አስቀድሜ ወርጄ በእግሬ ሄድሁ። በመንገዴ ሁሉ አንድ ነገር ሳሰላስል ነበር፤ ለመጻፍም ያሳፍረኛል፤ ግን ለዚህ ነው ደብተር የያዝሁት። ሌባ መባሉ ቀለለኝ። ከዚያኛው፣ ከእውነተኛው ምክንያት፣ ቀለለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾሙ ገባ። ምንይችል በማለዳ አንድ ገንቦ ማር አስይዞ መጣ። ከደጅ ጀምሮ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ፈለገ፤ ከለከልሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ በሐሰት ወረቀት ሊነቅሉኝ ነበር። እግዜር ያክብርልኝ። እንደ እርስዎ ያለ እውነተኛ ሽማግሌ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ከልቡ ነበር የሚናገረው። እስከ ዛሬ ምንይችል ተንኮለኛ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወረቀቱ የሐሰት መሆኑን አምኗል፤ ያሳመንሁትም እኔ ነኝ።

«ማሩን መልሰህ ውሰድ» አልሁት።

«ኧረ ጋሼ! የገዛ ቀፎዬ ነው፣ ለጾም ይሆንዎታል» ብሎ አስቀምጦ ሄደ።

ውዴ ከጓዳ ወጥታ ገንቦውን እንደ እባብ አየችው። «የማን ማር ነው?» ነገርኋት። አንሥታ ከበሩ ውጭ፣ ከድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። ከቀትር በኋላ በጋሪ ለሚሄድ ሰው አስይዛ ወደ ምንይችል ቤት መለሰችው። ስትመለስ «አንቱ ሰውዬ፣ ያንን ወረቀት የጻፉ ቀን እኮ ከነ እርጥብ ጋቢዎ ነው የገቡት። ያደረቅሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

እራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ከአንድ ትምህርት ቤት ስለ እጅ ጽሑፍ ጥቅም ለተማሪዎች እንድናገር ከተጋበዝሁ ወር ሆኖኝ ነበር። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሄድሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። ግማሾቹ ስልካቸውን ወደ እኔ ደግነዋል። ሳይጽፉ ማሰብ በነፋስ ላይ ማረስ መሆኑን ነገርኋቸው። እጅ ፊደሉን ሲቀርጽ ልብ ነገሩን እንደሚይዝ፣ በስልክ የሚጽፍ ሰው ግን ቃሉን ማሽኑ ቀድሞ ስለሚነግረው የራሱ ቃል የቱ እንደሆነ ሊጠፋው እንደሚችል ነገርኋቸው። ይህን አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ከዚያ ግን «በእጅ የጻፉት ነገር ቃል ኪዳን ነው፤ ሰው የገዛ እጁን ጽሑፍ…» ብዬ ጀመርሁና አቋረጥሁ። «ሊክድ አይችልም» የሚለው ነበር የቀረኝ። ውሃ ጠየቅሁ። ውሃው በመጣ ጊዜ ደግሞ ብርጭቆውን አላነሣሁትም።

አንዲት ተማሪ ተነሣች። «ጋሼ፣ አንድ መስመር ሰሌዳው ላይ ይጻፉልን። ፎቶ ላነሣው ነው።»

«የጠመኔ ብናኝ ደረቴን ያመኛል» አልሁ።

ርእሰ መምህሩ ፈጠን ብሎ «ነጭ ሰሌዳ ነው ጋሼ፣ ጠመኔ የለውም፤ ይኸው ማርከር» ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ዘረጋልኝ።

ሰዓቴን አየሁ። «ጊዜዬ ደርሷል» አልሁና ባርኔጣዬን አነሣሁ። አጨበጨቡልኝ። በበሩ ስወጣ «ራሳቸው መጻፍ አይችሉም እንዴ?» የሚል የልጅ ሹክሹክታ ሰማሁ፤ አንድ ሌላ ድምፅም «ዝም በል፣ ይሰማሉ» አለው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ትናንት ወደ ጥርባ ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ ለውዴ አልነገርኋትም። ለራሴም በትክክል አልነገርሁትም ነበር።

ስሜነሽ ድንች እያወጣች ነበር። ደጉ በድንበሩ ላይ የተከለው የዲከረንስ ዛፍ ለከሰል ደርሷል። አየችኝና ዶማዋን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«እንደምን ዋሉ መምህር። ቤት ይግቡ አልልዎትም፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ገና አልታወቀምና።»

ከድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ እርሷ ጀመረች።

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ያ ወረቀት የእርስዎ መሆኑን የማውቀው በፊደሉ አይደለም። ኩራዙን ይዤ የቆምሁልዎ እኔ ነኝ። ላምባው በክንዴ ሲወርድ እንኳ አላንቀሳቀስሁትም፤ ጥላ ይሆንብዎታል ብዬ።»

መሬት መሬት አየሁ።

«እውነቱን ይንገሩኝ። ምንይችል አስፈራርቶዎት ነው? አልቀየምዎትም መምህር። ሰው ለነፍሱ ይፈራል።»

እዚህ ላይ የሆነውን ሳላሳምር እጽፈዋለሁ። ራሴን ወደ ታች ነቀነቅሁ።

«አውቄዋለሁ!» አለች። «እኔ እኮ ሰዉን ስል ነበር፤ መምህር ይኸነው በከንቱ አይክዱኝም ስል ነበር!» እንባዋን በአፈራም እጇ ጠረገችው፤ ፊቷ ላይ ጭቃ ቀረ። ከዚያ አንድ ከረጢት ድንች ሞልታ «ለወይዘሮ ውዴ ይስጡልኝ» ብላ አስያዘችኝ። በሁለት እጄ አቅፌ ያዝሁት፤ እቅፍ ሲሆን አይታይም።

ድንቹ ጓዳ ነው። ውዴ «ከየት ነው?» አላለችኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

በፍርድ ቤት የካድሁት አንድ ጊዜ ነበር። አሁን ሁለት ሆነ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ዛሬም ቀለም ብቻ አፈሰስሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 28

አዝመራው መጣ። ሴት ልጁ በባጃጅ አምጥታው ከበሩ አድርሳው ተመለሰች። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ዐይኑ ከጠፋ አምስት ዓመቱ ነው።

ሳይቀመጥ ጀመረ። «ስሜነሽ ምንይችል እንዳስፈራራህ ነገረችኝ። ነገሩ ከፍቷል። ወንድሞቿ ዱላ ይዘው ይውላሉ። ሽማግሌ ሰብስበናል፤ የፊታችን እሑድ ምንይችል አላስፈራራሁም ብሎ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይምላል። አንተም በፊቱ ቆመህ ያለህን ትናገራለህ።»

«ተቀመጥ እስኪ» ብዬ ልደግፈው እጄን ሰጠሁት። ያዘው። አለቀቀውም። በሁለት እጁ ይዞ ጆሮውን ዘንበል አደረገ፣ ሩቅ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው።

«ይኸነው፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«ብርድ ነው።»

«ብርዱ እኔንም ይዞኛል። የእኔ እጅ ግን ዝም ብሏል።» ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ከባለፈው ጥር ወዲህ» አልሁት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጻፍ ሲሉህ ነው?»

«ጻፍ ሲሉኝ ነው።»

«ምንይችልስ?»

«ምንይችል ምንም አላለኝም። የሰደበኝም፣ ያስፈራራኝም የለም።»

እጄን ለቀቀው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጣ በቀለለኝ። «እኔ ዐይኔ ሲጠፋ፣ ዐይኔ ደኅና ነው ብዬ ብቻዬን ገደል ብገባ የራሴ ጉዳይ ነበር» አለ። «አንተ እኮ ሰው ይዘህ ገባህ።»

መሐላው እንዲቀር እርሱ ለሽማግሌዎቹ እንደሚናገር፣ ለስሜነሽ ግን እኔ ራሴ እንድናገር ነግሮኝ ሄደ። «እኔ የአንተን ኃጢአት ተሸክሜ ከቤት ቤት አልዞርም» ነው ያለኝ። ትክክል ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ለውዴ ልነግራት ተቀመጥሁ። «ውዴ፣ እጄ…» ከማለቴ፣

«አንቱ ሰውዬ፣ ዓመት ሊሞላው ነው የሸሚዝዎን ቁልፍ የምቆልፈው። ዕውር ሆኜ መሰለዎ?» አለች። «ለእኔ ሲደብቁኝ ዝም አልሁ፤ ባል ነው፣ ይኩራ አልሁ። በዚያች ሴት ላይ ያደርጉታል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብሁ።» ከዚያ ወጥታ ከጎረቤት ቤት ዋለች።

ማታ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ቀን ነገረችኝ። ቀጠሮውን የያዘችው ከሁለት ወር በፊት ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ወደ ቤዛዊት ቤት ሄድሁ። ሦስት ደንበኞች ነበሩ፤ እስኪወጡ በረንዳ ላይ ቆየሁ። ከገባሁ በኋላ «ማመልከቻ ጻፊልኝ» አልኋት። አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ ወንበር አቀረበችልኝ። እየነገርኋት ጻፈች። «በጥቅምት 27 ቀን የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነበር» ከሚለው ስንደርስ ጣቶቿ ቆሙ፤ ከዚያ ቀጠሉ። ስትጨርስ አነበበችልኝ። ዐሥራ አራት መስመር ነበር። የማርመው አጣሁበት።

«የጽሑፍ ናሙና ቢጠይቁኝ ከየት አመጣለሁ? የዛሬው እጄ ከዚያ ወረቀት ጋር አይመሳሰልም» አልኋት።

«የዕድሩ መዝገብ አለ አይደል ጋሼ? ያን ዓመት፣ ያንኑ ሐምሌ የጻፉት።»

አለ። በሣጥን ውስጥ፣ ከአልጋዬ ሥር። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ፍርድ ቤት ቆሜ እንኳ አውቅ ነበር። «ዛሬ እጄ ታሟል፤ የድሮ ጽሑፌ ይኸውና» ለማለት ስድስት ቃል ይበቃኝ ነበር፤ ስድስቱ ግን ከአፌ የሚወጡ አልነበሩም።

«እዚህ ላይ ይፈርሙ» ብላ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ሞከርሁ። ያየነው ነገር ፊርማ አልነበረም። ሁለተኛ ቅጂ አተመች። ያን ጊዜ «የጣት ቀለሙን አምጪው» አልኋት።

በመሠረተ ትምህርት ዘመን ከግምጃ ቤት ከተማ እስከ ዳንግላ በየመንደሩ ስዞር «ጣታችሁን አታጥቁሩ፤ ስማችሁን መጻፍ ተማሩ» እያልሁ ገበሬውን የገሠጽሁ እኔ ነኝ። አንድ ሽማግሌ በተማሪዎች ፊት ጣቱን ሲነክር አይቼ በአደባባይ አሳፍሬዋለሁ። ስሙን አላስታውስም፤ ፊቱን ግን አስታውሳለሁ። ቤዛዊት አውራ ጣቴን ይዛ በወረቀቱ ላይ አሳረፈችልኝ፤ እኔ ብቻዬን ባደርገው ይበላሽ ነበርና። ከዚያ በጥጥ ጠረገችልኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ለምኑ ጋሼ?» አለች።

ማመልከቻውን ይዛ ወደ መዝገብ ቤት ተሻገረችና ተመልሳ መጣች። «ተቀብለውኛል። ግን የእርስዎ ብቻውን አይበቃም አሉ። የጠራችዎ እርሷ ስለሆነች፣ ምስክሬ እንደገና ይሰማልኝ ብላ በጽሑፍ መጠየቅ አለባት። ከውሳኔው ቀን በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ ይግባ ብለዋል።»

ነገሩ እንግዲህ በስሜነሽ እጅ ነው። መሐላውን አዝመራው አስቀርቶታል፤ ለእርሷ ግን እኔ ገና አልነገርኋትም። እስካሁን የምታውቀው ደግሞ አስፈራርተውኝ የካድሁ፣ የሚታዘንልኝ ሰው መሆኔን ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ሁለት ቀን ሙሉ ቤዛዊት እንድትጽፍልኝ አሰብሁ። አልሆነም። ይህ ደብዳቤ በእኔው እጅ መጻፍ አለበት፤ ማንበብ ባትችልም ማየት ትችላለች። አዝመራው ነገ ወደዚያ ስለሚሄድ ያደርስልኛል፤ ልጁ ታነብላታለች። ያስቀረሁት ግልባጭ ይኸው።

ለወይዘሮ ስሜነሽ፣ ጥርባ

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ሰው አንድም ቃል ሳይዘል ጮክ ብሎ እንዲያነበው እለምናለሁ። ጎረቤትም ካለ ይስማ።

ኑዛዜውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። በፍርድ ቤት ፊት «የእኔ አይደለም» ያልሁት ሐሰት ነው። ምንይችል አላስፈራራኝም፤ በማሳዎ ላይ ተቀምጬ ራሴን የነቀነቅሁትም ሐሰት ነው። ወንድሞችዎ ዱላቸውን ያስቀምጡ። ያ ሰው በእኔ ምክንያት አንዲት ጠጠር እንኳ ቢወረወርበት ዕዳው የእኔ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ወረቀቱን ወደ ዐይንዎ አቅርበው ፊደሎቹን ይመልከቷቸው። ኩራዝ ይዘው ቆመው ያዩት እጅ ይህ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ሆኗል። ሰው እንዳያይብኝ ብዬ የእርስዎን ቤት ሰጠሁ። ከዚህ የሚሻል ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም፤ ስለሌለ ነው።

ቃሌን ለማረም ማመልከቻ አስገብቻለሁ። በሐሰት ምስክርነት ቢከሱኝ ይገባኛል፤ ስለ እርሱ አያስቡ። ነገር ግን እርስዎ በጽሑፍ ካልጠየቁ ፍርድ ቤቱ መልሶ አይሰማኝም። ጥያቄውን ቤዛዊት በነፃ ትጽፍልዎታለች፤ እርሷን የእኔ ወገን ናት ብለው ካላመኗት በሌላ በማንም እጅ፣ በኮምፒውተርም ይሁን በብዕር፣ ያስጽፉትና ጣትዎን ያሳርፉበት። በዚያ ጣት ላይ ከእንግዲህ የምለው የለኝም።

ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ቀድሞ ቤትዎ ይመለስ። እምቢ ሊሉኝም ይችላሉ። እኔን እንደገና በምስክርነት መጥራት እንደሚያስፈራዎ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ጠርተውኝ የሆነውን አይተዋል። ውሳኔው ሰኞ ታኅሣሥ 20 ቀን ስለሆነ፣ ጥያቄዎም ከዚያ ሦስት ቀን ቀድሞ መግባት ስላለበት፣ አዎም ይሁን እምቢ፣ መልስዎን በጽሑፍ አድርገው እስከ ረቡዕ ታኅሣሥ 15 ቀን እንዲልኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ይኸነው